የደበላ ጋን ሳይታጠብ

ሰኞ

እሄዳለሁ። ሚስቴ ጫልቱ ብትቆጣም፣ ልጄ አስቴር ብታለቅስም፣ ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ቢጮህም እሄዳለሁ።

ዛሬ ጠዋት አውቶቡስ ተራ ፀሐይ ስሞቅ፣ ከአኖ የመጣው አውቶቡስ ገና ሳይቆም ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ጮኸብኝ፤ «አባ መሪ! ከኦቦ ደበላ መልእክት አለዎት!» አባ መሪ እኔ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት የጭነት መኪና መሪ ይዤ ስለሆነ ነቀምት በሌላ ስም አያውቀኝም። መልእክቱ አጭር ነው፤ «ጋኑን እሑድ ላጥበው ነው። ከእንግዲህ ጠጅ አልጥልም። ቅዳሜ ድረስልኝ።»

ወረቀት ቢሆን ቀድጄ እጥለው ነበር። የቃል መልእክት ደግሞ አይቀደድም።

ደበላ ከአኖ ወደ ኑኑ ቁምባ በሚወስደው መንገድ፣ በበቅሎ ግማሽ ቀን ገባ ብሎ፣ ጫካ ዳር የሚኖር ወዳጄ ነው። ንብ ያረባል፣ ጠጅ ይጥላል። ጣልያን በወጣ ሰሞን መኪናዬ አኖ አፋፍ ላይ ጭቃ ሲውጣት፣ ለገበያ ያመጣቸውን በሬዎች ጠምዶ ጎትቶ ያወጣኝ እሱ ነው። በማግሥቱ ቤቱ ወስዶ አጠጣኝ። ከዚያ ወዲህ በየኅዳሩ፣ ጾም ሳይገባ፣ አንድ ቅዳሜና እሑድ የእሱ ነኝ። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ደግሞ የባሰ። ልጆቹ ወንጌል ከተቀበሉ ቆይተዋል፤ አሁን እሱም ሊከተላቸው ነው ማለት ነው። በእነሱ ዘንድ ጠጅ አይጠጣም።

ይግባ። ነፍሱ የራሱ ናት። እኔ ግን ቅዳሜ እደርሳለሁ። የመጨረሻውን ጋን ያለ እኔ ማን ያገባድደዋል?

ማክሰኞ

ለጫልቱ ነገርኳት። በዘዴ ነው የነገርኳት። «ሰውነቴ እረፍት ፈልጓል። ቅዳሜና እሑድን ወጣ ብዬ አየር ልለውጥ» አልኩ።

«ያ ጃርሳ» አለችኝ። አንተ ሽማግሌ ማለቷ ነው፤ የጉቶ አገር ልጅ ናት፣ ስትናደድ ኦሮምኛዋ ይቀድማል። «አየሩ በብርሌ ነው የሚቀዳው?»

ይህች ሴት መርማሪ ፖሊስ መሆን ነበረባት።

ሐኪሙ ስለ ጨጓራዬ ያለውን ደገመችልኝ። ከዚያ ወደ ጉልበቴ ወረደች። ከዚያ አምና ከበቅሎ የወረድኩበትን አኳኋን አነሳች (እሷ ወደቀ ትላለች)። ዝም ብዬ ሰማኋት። እኔ ዝም ስል እንደምትፈራ አውቃለሁ። የቀለድኩ እንደሆነ ታሸንፈኛለች፤ ዝም ካልኩ ግን የሆነ ነገር የሆንኩ ይመስላታል።

በመጨረሻ «እሺ» አለች። ልቤ ዘለለ። «እረፍት ከሆነ እኔም ደክሞኛል። አብሬህ እሄዳለሁ።»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ለማንኛውም እንደ ድል እቆጥረዋለሁ።

ረቡዕ

የሚያዙ ነገሮች፦ ጋቢ። የጉልበቴ ቅባት። ባዶ ጀሪካን፣ ጫልቱ እንዳታየው በጋቢው ተጠቅልሎ። ጌሾ።

ጌሾው ላይ ቆምኩ። በየዓመቱ ከገበያ ምርጡን ጌሾ ለደበላ ይዤ ነው የምሄደው፤ እሱም ለሚቀጥለው ጠጅ ያስቀምጠዋል። ዘንድሮ የሚቀጥለው የለም። ባዶ እጅ መሄድ ደግሞ አይሆንልኝም።

«ስኳር ውሰድለት» አለች ጫልቱ።

ንብ ለሚያረባ ሰው ስኳር!

ጌሾውን ገዛሁ። እጄ ለምዶበት ነው እንጂ ምን እንዲያደርግበት እንደሆነ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሽኩር ሱቅ ሄድኩ። ሽኩር ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ እዚህ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው። እስላም ስለሆነ ጠጅ በአፉ ዞሮ አያውቅም፤ ግን በየኅዳሩ ማር ሊገዛ አብሮኝ ወደ ደበላ ይሄዳል።

«ሽኩር፣ ዘንድሮ የመጨረሻችን ነው» አልኩት።

«የምኑ የመጨረሻ ጋሼ?» አለና ሚዛኑን ማስተካከሉን ቀጠለ።

ነጋዴ ከማሩ ሌላ ምን ይታየዋል ብዬ ተውኩት።

ብርሌዬ ትዝ አለችኝ። ደበላ ቤት የራሴ ብርሌ አለችኝ። አንገቷ ላይ ቀይ ክር አስሬባታለሁ፤ ሌላ ሰው አይጠጣባትም። ደበላ ሲቀዳልኝ መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ቀጂው ሳይቀምስ እንግዳ አይጠጣም፤ መርዝ የለበትም ለማለት ነው፣ የቆየ ደንብ። እኔም በየዓመቱ «ጨምር፣ ጨምር፤ መርዙ ከሥር ነው» እለዋለሁ። በየዓመቱ ይስቃል። ቀልዱ እኔን ራሴን ከሰለቸኝ ቆየ። እሱ ግን ይስቃል።

ሐሙስ

ልጄ አስቴር ከትምህርት ቤት ስትወጣ መጣች። አስተማሪ ናት፤ እሷም እንደ ደበላ ልጆች ወንጌል ተቀብላለች፤ እሑድ እሑድ ትዘምራለች። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷታል። ከጫልቱ በቀር ማን ሊነግራት!

ትጮህብኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። መልስ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸችም።

«አባዬ፣ ኦቦ ደበላ እንኳን ደስ ያላቸው በልልኝ» አለች።

«እነግረዋለሁ። ከሁለተኛው ብርሌ በኋላ።»

ሳቀች። ከዚያ እንደ ተማሪዋ ቁልቁል እያየችኝ፣ «ግን አንተ የምትናፍቀው ሰውየውን ነው ጠጁን?» አለች።

«ሰውየው ጠጅ ጠጅ ይሸታል፤ በምን ልለያቸው?» አልኳት።

ስትሄድ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። መልሴ ለጨዋታ ጥሩ ነበር። ግን እውነት ይሆን? ጋኑ ከታጠበ በኋላ እኔ እዚያ ቤት ምን ልሠራ እሄዳለሁ? እሱስ ያን ሁሉ መንገድ ና ብሎ በምን ይጠራኛል? ሁለት ሽማግሌ ተፋጥጦ ስለ ሪህ ሊያወራ?

ለማንኛውም እሄዳለሁ። ጀሪካኑን ጋቢ ውስጥ ጠቅልያለሁ።

ዓርብ፣ አኖ

ደርሰናል። እንዴት እንደደረስን ጫልቱ ገና እየተናገረች ነው።

አቀበቱ ላይ የአውቶቡሱ ቺንጋ፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ተበጠሰ። ሾፌሩ ልጅ ነው፤ ትርፍ ቺንጋ አልያዘም። ሞተሩን ከፍቶ እንደ ሬሳ ያየዋል። ተሳፋሪው ወርዶ ሣር ላይ ተዘረጋ። ሽኩር ሰዓቱን ያያል። እኔ ቅዳሜን አየሁ፤ እዚህ ካደርን ነገ ደበላ ጋ አንደርስም፣ እሑድ ደግሞ ጋኑ ይታጠባል።

ወደ ጫልቱ ሄድኩ። «መቀነትሽን» አልኳት።

«ምን?»

«መቀነትሽን ፍቺና ስጪኝ።»

«ኤሬ! በዚህ ዕድሜህ? በሰው ፊት?»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ደስ አለኝ፣ ግን ጊዜ አልነበረም። በእኛ ጊዜ ቺንጋ ሲበጠስ መቀነት ገምደን እናስር ነበር። በከዘራዬ እየጠቆምኩ ሾፌሩ እንዲያስር አደረግሁት። የመጀመሪያው ቋጠሮ ተፈታ። ሁለተኛውም ተፈታ። ሦስተኛውን ጫልቱ ራሷ መጥታ በጥርሷ አጥብቃ ቋጠረችው፤ እሱ ያዘ። ቀስ እያልን፣ ውሃ እየጨመርን፣ አኖ ገባን። ጫልቱ ቀሚሷን በእጇ ሰብስባ እንደያዘች ደረሰች። «እረፍት አልከኝ አይደል?» ትላለች በየመሐሉ።

የደበላ አማች በቅሎዎቹን ይዞ አግኝቶናል። ማለዳ እንነሳለን። በቅሎ ፍሬን የለውም፤ እሱን ነው የምፈራው።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ

ይህን የምጽፈው ደበላ ግቢ ዋንዛው ሥር ተቀምጬ ነው። ቀፎዎቹ ከበላዬ ተሰቅለዋል። ንቦቹ ይንጫጫሉ። እኔ ተቆጥቻለሁ።

ስንደርስ ደበላ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። «አሻማ፣ ኦቦሌሳ!» ብሎ አቀፈኝ። ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፤ ሌላ ስም ሰጥቶኝ አያውቅም። የታጠበ ሸሚዝ ለብሷል። «ማን ሞቶ ነው እንዲህ የጸዳኸው?» አልኩት። ሳቀ። ሁሉም እንደ ወትሮው መሰለኝ።

ጋኑ ጥጉ ላይ ነበር፣ አፉ በጭቃ እንደታተመ። ከመስከረም ጀምሮ ለእኔ ብሎ ማንም እንዳይነካው አድርጓል። ጭቃውን በጣቱ ፈልቅቆ ከፈተ። ሽታው ቤቱን ሞላው። ቀይ ክር የታሰረባትን ብርሌ ከመደርደሪያው አወረደ፣ ቀዳ፣ በሁለት እጁ አቀረበልኝ።

አልቀመሰም።

ጠበቅሁት። «ቅመሳ» አልኩት።

«አልችልም ኦቦሌሳ። ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ነገ አይደለም እንዴ የምትተወው?»

«ነገ ጋኑን ነው የማጥበው። ቃሉንማ ከሰጠሁ ወር አልፎታል።»

«ታዲያ ቅዳሜ ድረስልኝ ያልከኝ ለምንድን ነው?»

«እንድትጠጣልኝ ነዋ።»

ብርሌዋን መሬት አስቀመጥኳት። «ያልተቀመሰ አልጠጣም» አልኩ። ቀልድ አድርጌ ልለው ነበር፤ ከአፌ ሲወጣ ግን ቀልድ አልነበረም። ጫልቱ መዳፏን ዘረጋች፤ «አምጣው፣ እኔ እቀምስልሃለሁ።»

«አንቺማ መርዝ ቢኖርበትም ጥሩ ነው ትያለሽ» ብዬ ወጣሁ።

ማንም አልሳቀም። ደበላም አልሳቀም።

አብረን የምንጠጣ መስሎኝ ነበር የመጣሁት። መቀነት አስፈትቼ የመጣሁት እንግዳ ልሆን አይደለም።

ቅዳሜ፣ ሲመሻሽ

ሽኩር ወጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ጫማውን አወለቀና ጠጠር አራገፈ። አልቸኮለም።

«ጋሼ፣ እኔ ከዚህ ሰው ጋር አንድ ጠብታ ጠጅ ጠጥቼ አላውቅም» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ በየዓመቱ ለምን የምመጣ ይመስልዎታል?»

«ማር ልትገዛ ነዋ።»

«ማሩንማ እስከ ሱቄ ድረስ ተሸክመው ያመጡልኛል።»

ይህን አለና ጫማውን አጥልቆ ገባ።

ስንት ኅዳር አብሮኝ ሲመጣ አንድ ቀን ይህን አልጠየቅሁትም። እኔ ስጠጣ እሱ ምን እየጠጣ እንደሚያመሽ እንኳ ለማስታወስ ተቸገርኩ። ኋላ ትዝ አለኝ። ብርዝ ነው። ደበላ ለእሱ ለብቻው ማር በውሃ ይበጠብጥለታል፤ ጌሾ ያልነካው፣ ያልፈላ። በየዓመቱ። እኔ «የሕፃን መጠጥ» እያልኩ ስስቅበት።

ተነሳሁ። ጉልበቴ ጮኸ። ገብቼ «ለሽኩር የምታጠጣውን ውሃ ለእኔም አምጣ» አልኩ።

ደበላ ወደ ጓዳ ገባ። አዲሱን ማር አመጣ፣ በጠበጠ፣ በዋንጫ ቀዳ። መዳፉ ላይ ጠብ አደረገና ቀመሰ።

«ጨምር፣ ጨምር» አልኩት፤ «መርዙ ከሥር ነው።»

እስኪያስለው ሳቀ። ጫልቱ ጀርባውን መታ መታ አደረገችለት። እኔም ልጠጣ ብዬ ትን አለኝ።

ብርዙ ጥሩ ነው። ጣፋጭ ነው። ከዚህ በላይ እንዳመሰግነው አልገደድም።

ከዚያ ደበላ ብርሌዋን እያየ፣ «ያችንስ? አንተ ካልጠጣህልኝ ለማን ብዬ አቆየሁት?» አለ። ጫልቱ ሳትጠየቅ መዳፏን ዘረጋች። ቀመሰች። ዓይኗን ጨፈነች፣ ደረቷን ያዘች፣ ወደ ግድግዳው ዘመመች። ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። አንድ ዓይኗን ከፈት አድርጋ፣ «በሕይወት አለሁ። ጠጣ፣ ያ ጃርሳ» አለች። ዕድሜዬን ሙሉ ስቀልድባት የኖርኩትን በአንድ ጊዜ አወራረደችው።

አንድ ብርሌ ጠጣሁ። እሺ፣ ሁለት። የቀረውን፣ መጠጥ ያልተዉ ጎረቤቶች ተጠርተው ጨረሱት።

እሑድ

ደበላ ጠዋት ወደ ጸሎት ቤቱ ሄደ። እኔ የማርያም ሰው ስለሆንኩ አልገባሁም፤ አጥሩ ሥር ጥላ ይዤ ጠበቅሁት። ሲዘምር ሰማሁት። ድምፁ ድሮ ሞቅ ብሎት ሲዘፍን እንደነበረው ነው። ያው አስቀያሚ ነው። ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ጋኑን አጠብን። አዎ፣ እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ አጠብኩ። ለበቆሎ ማስቀመጫ ያደርገዋል። ጌሾውን ያወጣሁት ያን ጊዜ ነው፤ ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም። በሁለት እጁ ተቀብሎ አሸተተው። «አሁንም መምረጥ አልረሳህም» አለና መለሰልኝ።

ያ ደህና ነበር። የከበደኝ ሌላ ነው።

ብርሌዎቹን ሰበሰበና በጭድ እየጠቀለለ ሣጥን ውስጥ ከተታቸው። ሽኩር ነቀምት ወስዶ ይሸጥለታል። ቀይ ክር ፈለግሁ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር፣ አልታየኝም። መደርደሪያው ግን ባዶ ነው። «የኔዋስ?» ብሎ መጠየቅ ምን ይከብዳል? ዳኛ ፊት የቀለድኩ ሰው ነኝ። ትራፊክ ፖሊስ አስቄ ያለፍኩ ሰው ነኝ። ከአፌ አልወጣ አለኝ።

እቃዬን ከቤቱ ካወጣው፣ እኔንም አወጣኝ ማለት ነው እንዴ?

ሰኞ

ተመለስን። አውቶቡሱ አዲስ ቺንጋ ገዝቷል። የጫልቱ መቀነት ግን ዘይት በዘይት ሆኖ ተመለሰላት፤ አዲስ እንድገዛላት ተፈርዶብኛል።

ስንነሳ ደበላ ጀሪካኔን ከጋቢው ውስጥ ጎትቶ አወጣው። ገና ስንደርስ አይቶት ነበር ለካ! ብርዝ ሞላልኝ። «ፀሐይ እንዳይነካው። እሳት አጠገብ እንዳታስቀምጠው። ጌሾ እንዳታስጠጋው። ከዚያ ወዲያ እኔ የለሁበትም» አለ። ፊቱ እንደ ዳኛ ነበር። ይህ ሁሉ ምክር እንዴት እንደሚፈላ እንዳልረሳ ይሁን፣ እንዳላፈላው ይሁን፣ እስከ አኖ ሳስበው መጣሁ።

ግን አንድ ነገር ቀረ። በየዓመቱ ስንለያይ የበቅሎዋን ልጓም ይዞ «ለከርሞው እንዳትዘገይ» ይለኛል። ዘንድሮ አላለም። አቀፈኝ፣ አንገቴን ያዘኝ፣ ተወኝ። በቅሎ ላይ ሆኜ ዞር ብዬ አየሁት። ቆሟል። እጁን አነሳ።

ጫልቱ «ምን ሆንክ?» አለችኝ። ኮርቻው ነው አልኳት።

ማክሰኞ

ጠዋት ስነሳ ጀሪካኑ ምድጃው አጠገብ ነው። ጌሾው ክዳኑ ላይ ተቀምጧል። እኔ አላስቀመጥኩትም፤ ጫልቱም አላስቀመጥኩም ትላለች፤ ፊቷን ግን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው የምትለው። ጀሪካኑ ሆዱን ነፋ ነፋ አድርጎ ሽሽ ይላል። አስቴር ትናንት ከመንገድ ስንገባ መጥታ አንድ ብርጭቆ ብርዝ ጠጥታ «አባዬ፣ ኮራሁብህ» ብላኝ ነበር። እንግዲህ ቶሎ ቶሎ እየመጣች ትጠጣው።

ከዚያ ወደ ሽኩር ሱቅ ሄድኩ። ቡና ልጠጣ ነው ያልኩት። ሣጥኑ ከጥጉ፣ ከስኳር ጆንያው አጠገብ ነበር። ሽኩር ደንበኛ ሲያስተናግድ ቁጭ ብዬ ከፈትኩት። ብርሌዎቹን ከጭዱ እያወጣሁ መሬት ላይ ደረደርኳቸው። አንገት አንገታቸውን እያየሁ። እስከ መጨረሻዋ አወጣሁ። ጭዱን በእጄ በተንኩት። ደግሜ ቆፈርኩት።

የለችም።

«ተሰብራ ይሆን?» አልኩ፤ ጮክ ብዬ ኖሯል።

ሽኩር ከመደርደሪያው ማዶ አንገቱን አወጣ። «ቀይ ክር ያላትን ነው?»

«የምን ቀይ ክር?»

«ይተዉ እንጂ ጋሼ። እሷን እኔው ሣጥን ውስጥ ከትቻት ነበር። ደበላ መልሶ አወጣት። ምነው ስለው፣ ‹ይህች ከዛሬ ጀምሮ የብርዝ ናት። ባለቤቷ ከርሞ ሲመጣ በምን ልቀዳለት ነው?› አለኝ።» ከዚያ ሚዛኑን ማስተካከል ቀጠለ። «ደግሞ እንደነገርኩዎት እንዳይነግሩት። ‹ራሱ ካልጠየቀህ አትንገረው፣ ትንሽ ይጨነቅ፤ እሱ ስንት ዓመት ሲቀልድብኝ ኖሯል› ብሎኛል።»

ብርሌዎቹን መልሼ ለመጠቅለል ጊዜ ወሰደብኝ። ጭድ ዓይን ውስጥ ይገባል።

ከርሞም እሄዳለሁ። የአውቶቡሱ ቺንጋ ቢበጠስ ጫልቱ ሁለት መቀነት ታጥቃ ትነሳለች፤ ነግሬያታለሁ። ጌሾ አልወስድም። ምን ልውሰድለት የሚለው ገና አልተቆረጠልኝም።

ስኳር ልውሰድለት ይሆን? ፊቱን ለማየት ያህል።